አርፍዶ የደረሰ ደብዳቤ

እትዬ አምሳለ ፖስታውን የሰጡኝ በቃና ዘገሊላ ማግስት ነው። ሻንጣዬን ዘግቼ፣ ፓስፖርቴን ለአምስተኛ ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ዳብሼ፣ ወደ ኤርፖርት የሚወስደኝን ታክሲ በረንዳ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። እሳቸው ከሰርቪስ ቤታቸው ወጥተው፣ ወደ ሳሎኑ መስኮት ሰረቅ አድርገው አይተው፣ የግድግዳውን ጥግ ይዘው ወደ እኔ መጡ። ሰው ሃያ ስድስት ዓመት በኖረበት ግቢ እንዲህ ተሳቅቆ ሲራመድ ማየት ያሳዝናል።

«እፀዬ፣ ይሄን ለሚሳኤል ስጪልኝ» አሉኝ። «እዚያ ስትደርሺ አብራችሁ ክፈቱት። እዚህ እንዳትከፍቺው፣ አደራ።»

ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው የንስሐ አባታቸው ያዘዟቸው ነገር መሆኑን ብቻ ነገሩኝ። እኔም እምነት ወይም የጸሎት ወረቀት መስሎኝ ከላኩለት ሽሮና በርበሬ ለይቼ በእጅ ቦርሳዬ ያዝኩት። የተቀደሰ ነገር ከበርበሬ ጋር አይቀመጥም። ታክሲው ጥሩንባ ሲነፋ እትዬ አምሳለ ጉንጬን ስመው እጄን ሳይለቁ ትንሽ ቆዩ። ከአራት ዓመት ወዲህ ዓይኔን በቀጥታ ያዩኝ ያን ቀን ነው።

እኔ እፀገነት ደምሰው እባላለሁ። ጎፋ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ቲኬት እቆርጣለሁ። የአዲስ አበባን ግማሽ ዱባይና ኢስታንቡል ልኬ እኔ ራሴ ከላንጋኖ አልፌ አላውቅም ነበር። ማድሪድ ለሚደረገው የቱሪዝም ትርኢት የተመረጠችው ሥራ አስኪያጃችን ቲና ነበረች፤ እሷ ቪዛ ስትከለከል ዕጣው ለእኔ ወጣ። ቲና ሦስት ቀን አኩርፋኛለች። እኔ ግን በሆዴ እልል ብያለሁ፤ ምክንያቱም ከማድሪድ በአውቶቡስ አራት ሰዓት ያህል ርቃ፣ በሰሜን ስፔን፣ ሳንቶ ዶሚንጎ የምትባል ትንሽ ጥንታዊ ከተማ አለች። እዚያች ከተማ ውስጥ ደግሞ ሚሳኤል አለ።

ሚሳኤል የእትዬ አምሳለ አንድያ ልጅ ነው። እናትና አባቱ መካኒሳ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። በተወለደ በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሳው አባቴ ነው፤ እኛ ቤት ሁሌም የሚባለው እንዲህ ነው። የሚሳኤል አባት ሲሞት፣ አባቴ ሀና ማርያም ቪላ ሠርቶ ሲገባ እናትና ልጁን አብሮ አመጣቸው፤ የሰርቪስ ክፍል ሰጣቸው፤ ሚሳኤልን ከልጆቹ እኩል አስተማረው። «አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል» ይላል አባቴ፤ በተለይ እንግዳ ሲኖር ይላል። እናቴ ወይዘሮ ገበያነሽም እትዬ አምሳለን «አበልጄ» እያለች ነው ልብስ የምታሳጥባቸውና የምታስተኩሳቸው። አበልጅ ናቸው፤ ምሳ የሚበሉት ግን ኩሽና ነው።

እኔና ሚሳኤል በአንድ ግቢ በሁለት በር አደግን። «ወንድምሽ ነው» ተባልኩ፤ እኔም «ወንድሜ ነው» እያልኩ አደግሁ። ነገሩ የተለወጠበትን ቀን ግን አውቀዋለሁ። እሱ ጎፋ አንድ ሕንፃ ላይ የሳይት መሐንዲስ ሆኖ ሲሠራ አመሻሽ ላይ አብረን ታክሲ እንሳፈር ነበር። አንድ የሐምሌ ቀን ዝናብ ጣለ፣ ታክሲ ጠፋ፣ ወደ ሀና ማርያም በእግራችን አዘገምን። መንገድ ላይ ጫማዬ ተበጠሰ። ሚሳኤል ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ከሲሚንቶ ከረጢት በመዘዘው ክር አሰረልኝና ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ እራት ላይ እንኳ ለመተያየት እንፈራ ጀመር።

ሁለት ዓመት ተደብቀን ተዋደድን። በመጨረሻ ሚሳኤል መደበቁ ሰለቸውና እንደ ወጉ ሦስት ሽማግሌ ላከ። አባቴ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበለ፣ መጠጥ አስቀዳላቸው፣ ነገራቸውን እስከ ጫፉ አዳመጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናንተ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፤ ወንድም እህቱን ሲያገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አላቸው። የክርስትና ልጅና የአብራክ ልጅ እንደማይጋቡ የማያውቅ የለም። ሽማግሌዎቹ ብርጭቋቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። እትዬ አምሳለ ደግሞ ሰሃን እንደያዙ የኩሽናው በር ላይ ቆመዋል። የሆነ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ። መልሰው ዘጉትና ሰሃኑን አስቀምጠው ወጡ። ያን ጊዜ ያዘኑልን ብቻ መስሎኝ ነበር።

የቀረውን ያበላሸሁት እኔው ነኝ። በማግስቱ ሚሳኤልን «ከእንግዲህ እንደ እህትህ ካልሆነ አትጻፍልኝ፣ አትደውልልኝ» አልኩት። ኃጢአቱን ፈርቼ ነው፤ አባቴንም ፈርቼ ነው፤ የቱን አብልጬ እንደፈራሁ ዛሬም አላውቀውም። እሱ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ስፔን ሄደ፤ የጥንት የድንጋይ ሕንፃ ጥገና ተምሮ እዚያው ሥራ ያዘ። ስልክ እያለ በየሦስት ወሩ በፖስታ ይጽፍልኛል። ደብዳቤዎቹ በሙሉ «ለውድ እህቴ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ያልኩትን ማክበሩ አንጀቴን አሳረረኝ። ማድሪድ እንደምመጣ ስነግረው ግን የመለሰልኝ ደብዳቤ መጨረሻው ላይ እንዲህ ይል ነበር፤ «በአካል ስንገናኝ የምነግርሽ ነገር አለ። በወረቀት የሚሆን አይደለም።» ይህችን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልናገርም።

አሁን ፍረዱብኝ። ፖስታውን አውቶቡሱ ውስጥ ከፈትኩት።

ሦስት ቀን ማድሪድ ቆሜ ስለ ላሊበላና ስለ ዳሎል በራሪ ወረቀት ሳድል አደራዬን ጠብቄያለሁ። በአራተኛው ቀን አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ሰሜን ስሄድ ግን አራት ሰዓት ከአንድ ፖስታ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። በመስኮቱ የሚታየው ነገር ሁሉ የተራቆተ ነው፤ ተራራው ጫፉ ላይ በረዶ ይዟል፤ ሜዳው ላይ ቅጠሉ የረገፈ የወይን ጉቶ በመስመር ተተክሏል። ጸሎት ከሆነ ባነበው ምን አለበት ብዬ ራሴን አታለልኩ። ውስጡ ከደብተር የተቀደደ ሁለት ገጽ ነበር። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ እትዬ አምሳለ በልጅነታቸው መሠረተ ትምህርት የተማሩት ጽሕፈት።

«ይድረስ ለልጄ ለሚሳኤልና ለልጄ ለእፀገነት። እግዚአብሔር ይመስገን እኔ ደህና ነኝ። የንስሐ አባቴ ይህን ሳትናገሪ ሥጋ ወደሙ እንዳትቀርቢ ብለውኛል። ሚሳኤል ክርስትና በተነሳህ ቀን አቶ ደምሰው አልደረሱም። በዋዜማው ሰርግ አምሽተው እንቅልፍ ጣላቸው። ቄሱ ሰዓት ደርሷል አንጠብቅም አሉ። የእህቱን ልጅ ሊያስጠምቅ የመጣ ከበበው የሚባል ዘበኛ እኔ ልያዘው ብሎ ተቀብሎ አነሳህ። ከዚያ በኋላ አይተነው አናውቅም። አቶ ደምሰው የመጡት ወደ ቤት ስንመለስ ነው። አባትህ ሰው ፊት እንዳያፍሩ ብሎ እሳቸው አነሱት አለ። እሳቸውም ዝም አሉ። በዚያው ቀረ። እሳቸው ያውቃሉ። ሽማግሌ የመጣ ቀን ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከተናገርኩ በስተርጅና ወዴት እገባለሁ ብዬ ዋጥኩት። እናንተ ወንድምና እህት አይደላችሁም። ሆናችሁም አታውቁም። ይቅር በሉኝ።»

«እሳቸው ያውቃሉ» የሚለው ላይ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ሳሎን ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወንድም እህቱን ሲያገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ሲል ያውቅ ነበር። የሰርቪስ ቤት ልጅ ልጄን አያገባም ብሎ በግልጽ ቢናገር ኖሮ ቢያንስ እልህ ይይዘኝ ነበር። እሱ ግን ቤተ ክርስቲያንን ከፊት አቁሞ እኔን በገዛ ፍርሃቴ አሰረኝ።

ደግነቱ ወይም ክፋቱ ቁጣዬ ብዙ አልቆየም። ደስታ ገፍቶት ገባ። ቂሙ ይደርሳል፣ አባቴም የትም አይሄድም አልኩ። ነጻ ነን። አራት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ኃጢአት የሚባል ነገር አልነበረም። እሱም በአካል የሚነግረኝ ነገር አለው፤ እኔም ለእሱ አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡትን አሮጊት በእጅ ምልክት መስታወት ጠየቅኋቸውና ፀጉሬን ፈትቼ እንደገና አሰርኩት፣ ከንፈሬን ቀለም ነካ አደረግሁት። አሮጊቷ ገብቷቸው ነው መሰለኝ ፈገግ ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። በሕይወቴ እንደዚያች አንድ ሰዓት ተስፋ አድርጌ አላውቅም።

ሚሳኤል ፌርማታው ላይ ነበር። ትንሽ ከስቷል፣ ጢም አውጥቷል፣ መዳፉ ከድንጋይ ጋር ሲውል ሻክሯል። «እፄ» አለ። እኔም በመንገድ ያጠናሁትን ንግግር ልጀምር አፌን ስከፍት፣ ከኋላው ቢጫ ሻርፕ ያደረገች ሴት ብቅ አለች። ከሷ ቀድሞ የደረሰው ግን ሆዷ ነው። ስድስት ወር ይሆናታል።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህቴ» አለችኝ በአማርኛ። ስንት ቀን እንደተለማመደችው ከአነጋገሯ ያስታውቃል።

ስሟ ማርታ ነው፤ እሱ እንደ አዲስ አበባ ልማድ ማርቲ ይላታል። አቅፋኝ ስትስመኝ ሆዷ በመካከላችን ነበር። በመስከረም ማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው ተጋብተዋል። በቤተ ክርስቲያን ስላልሆነ እናቱን ለመንገር አፍሮ፣ አስቀድሞ ለእኔ በአካል ሊነግረኝ ፈልጎ ነው። በወረቀት የማይሆነው ነገር ይህ ነበር። እኔ እንግዲህ ያችን መስመር የራሴን ምኞት እያለበስኩ ነው ሳነብባት የከረምኩት። ማርቲ ቦርሳዬን ልትይዝልኝ ስትጎትት እምቢ ብዬ ታገልኳት። ደብዳቤው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እርጉዝ ሴት እንዳትሸከም ያሰብኩላት መስሏት ደጋግማ አመሰገነችኝ።

መጥፎ ሴት ብትሆን ምን ነበረበት እላለሁ። አይደለችም። ቤቷ ገብቼ አልጋዬ ላይ የሙቅ ውኃ ከረጢት፣ ራስጌዬ ላይ ሎሚ የተጨመረበት ሻይ አገኘሁ። ግድግዳው ላይ የእኔና የሚሳኤል የልጅነት ፎቶ ተሰቅሏል፤ የትንሣኤ አዲስ ልብስ ለብሰን ሀና ማርያም ግቢያችን በር ላይ ቆመን። ማርቲ እንግሊዝኛዋ እንደኔው ጎደሎ ነው፤ በሁለት ጎደሎ ተግባባን። ሚሳኤል ስለ እኔ ሲያወራ አንድም ቀን ድምፁ ሳይለሰልስ ቀርቶ እንደማያውቅ፣ እንዲህ እህቱን የሚወድ ወንድ ክፉ ባል እንደማይሆን ገብቷት እንዳገባችው ነገረችኝ። ሻዩን ራስጌዬ ላይ መለስኩት።

በማግስቱ ከተማዋን አሳዩኝ። መንገዶቿ ጠባብ ናቸው፣ ቤቶቿ ማር የመሰለ ድንጋይ፣ በሮቹ ላይ የጥንት ባላባቶች ጋሻ ተቀርጿል። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት አንድ መነኩሴ ለመንገደኛ ተሳላሚዎች ድልድይና ማረፊያ ሲሠራ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ዛሬም ከረጢት ያዘለ መንገደኛ ያልፍባታል። ሚሳኤል የሚጠግነውን የከተማዋን ቅጥር ወስዶ አሳየኝ። የተተካው ድንጋይ ከአሮጌው ትንሽ ነጣ ይላል። ለምን አላመሳሰልከውም ስለው፣ በሙያቸው ክልክል እንደሆነ ነገረኝ። የፈረሰውን መጠገን ይቻላል፤ የተጠገነው ግን መጠገኑ መታወቅ አለበት፤ አለዚያ ያየ ሰው ይታለላል። ይህን ሲለኝ በአፍንጫዬ ቀዝቃዛ አየር ስቤ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞርኩ።

ከዚያ ወደ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ገባን። የደወል ቤቱ ከሕንፃው ተለይቶ መንገድ ተሻግሮ ለብቻው ነው የቆመው፤ እንደ እኛ አገር ነው ብዬ ለአፍታ አገሬ ያለሁ መሰለኝ። ውስጥ ግን በአገሬ አይቼው የማላውቀውን አየሁ። ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የተቀረጸ የድንጋይ ቆጥ አለ፤ ውስጡ አንድ ነጭ አውራ ዶሮና አንዲት ነጭ ዶሮ በሕይወታቸው ይንጎራደዳሉ። ነጭ ዶሮ ቤተ መቅደስ ውስጥ። እናቴ ብትሰማ «ጠንቋይ ቤት ነው የሄድሽው» ትለኛለች።

ታሪኩን ማርቲ ስትናገር ሚሳኤል ተረጎመልኝ። በድሮ ዘመን አንድ ወጣት ከወላጆቹ ጋር ለመሳለም ሲጓዝ እዚህች ከተማ አደረ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ልጅ ወደደችው፤ እሱ እምቢ ሲላት በቂም ተነሣስታ የብር ጽዋ ቦርሳው ውስጥ ደበቀችበትና ሌባ አስባለችው። ተሰቀለ። ወላጆቹ ተሳልመው ሲመለሱ ልጃቸው ገመዱ ላይ ሳለ ሕያው ሆኖ አገኙት። ወደ ዳኛው ሮጡ። ዳኛው ምሳ ቀርቦለት ነበርና «ልጃችሁ በሕይወት ካለ ይህ የተጠበሰ ዶሮም በሕይወት አለ» ብሎ ቀለደባቸው። ዶሮው ከሰሃኑ ላይ ተነሥቶ ጮኸ ይባላል። ዶሮው ሲጮህ የሰማ መንገደኛ መንገዱ ይቀናዋልም ይላሉ። ሦስታችንም አንጋጠን ቆመን ጠበቅን። አልጮኸም።

እኔ ያሰብኩት ስለ ዶሮው አልነበረም። ቦርሳ ውስጥ የተደበቀ ነገር ሰው እንደሚያሰቅል ነው ያሰብኩት። የእኔም ቦርሳ ትከሻዬ ላይ ነው። ውስጡ ያለውን ባወጣው የሚሰቀለው ማን ነው? ሚሳኤል ይሆን፣ ይህች ቢጫ ሻርፕ ያደረገች ሴት ናት፣ ወይስ ሆዷ ውስጥ ያለው፣ ገና ስም ያልወጣለት?

አግዳሚው ላይ አረፍ ስንል ማርቲ ሁለቱንም እጆቼን ያዘች። የሚወለደው ሴት ልጅ ነው፣ በሚያዝያ። ሚሳኤል ከሷ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቷ በእሱ እምነት እንድትጠመቅለት። እሷም እሺ ብላለች። ለሰማንያ ቀኗ፣ በሐምሌ፣ ሀና ማርያም ይዘዋት ይመጣሉ፤ አማቷንም ያን ጊዜ ታውቃቸዋለች። ሴት ልጅ ክርስትና እናት ያስፈልጋታል ብሏታል። በሥጋ ስለማይዛመዱም ይቻላል ተብሏል። እና ከአንቺ ሌላ ማን ይሁን አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ፣ ሁለታችን በቋንቋችን እንድንመካከር ብላ ሻማ ልታበራ ተነሥታ ሄደች።

ሚሳኤል ወለሉን እያየ «እምቢ ማለት ትችያለሽ» አለኝ። «እንድትጠይቅሽ አልፈለግሁም ነበር።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ እፄ። እህቴ ብዬ ጽፌልሻለሁ እንጂ አንድ ቀን በአፌ ብዬሽ አላውቅም። አሁን እሺ ካልሽ ግን ማለት ሊኖርብኝ ነው።»

 አራት ዓመት ዝም ያለ ሰው ነውና ከጀመረ አላቆመም።

«አንዳንዴ ቅጥሩ ላይ ስሠራ ምን እንደማስብ ልንገርሽ? ሰው ያረፍዳል እኮ። ታክሲ ይጠፋል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል። አባትሽ ያን ቀን ቢያረፍድ ኖሮ ሌላ ሰው ያነሳኝ ነበር። ማንም። ዘበኛም ቢሆን። ያኔ አንቺን ለማግባት የሚከለክለኝ አልነበረም። እሱ ግን በሰዓቱ ደረሰ።»

እጄ ቦርሳዬን ከፈተ። እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው። የደብተሩ ወረቀት ጠርዝ ጣቴን ነካኝ፤ ልክ እንደ ሰው ቆዳ ሞቆ ነበር። አንድ ጊዜ ሳብ ባደርገው በቃ፤ ሚሳኤል የእናቱን ፊደል ከሩቅ ያውቀዋል። ቀና ስል ማርቲን አየኋት። ሻማዋን አብርታ፣ ነፋስ እንዳያጠፋው በአንድ እጇ ጋርዳ፣ በሌላው ሆዷን ደግፋ፣ ከፍ ያለው መቅረዝ ላይ ልታደርስ በእግሯ ጣት ቆማ ነበር። ለእኔና ለእሱ መልካም ምክክር እየጸለየች ይሆናል።

ከቦርሳዬ ሶፍት አውጥቼ ሰጠሁት። ማልቀሱን እሱ ራሱ አላስተዋለም ነበር።

ማርቲ ስትመለስ «አነሳታለሁ» አልኳት፤ እሱ ተረጎመላት። እሷ በደስታ አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ የእኔንም እንደ ደስታ ቆጠረችልኝ። ዝምድና ሳይኖረን ዘመዳሞች ናችሁ ተብለን ተለያየን። አሁን የልጁ ክርስትና እናት ስሆን በውሸት የነበርነውን በእውነት ልንሆን ነው። አባቴ በዝምታው የዘጋውን በር እኔ በገዛ እጄ፣ በቤተ ክርስቲያን ፊት ልቆልፈው ነው። ይህን እያወቅሁ እሺ አልኩ። ጀግንነት አይደለም፤ ሌላ ማድረግ የምችለውን አጣሁ።

ሲሸኙኝ አውቶቡሱ ደጃፍ ላይ ሚሳኤል ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለ። «እናቴ ከሽሮና ከበርበሬው ሌላ የላከችልኝ የለም ወይ?» አለኝ። እንጃ፣ የልጅ ልብ ያውቅ ይሆናል።

«ሰላምታ ልከውልሃል» አልኩት።

በመስኮቱ እስከ መታጠፊያው ድረስ አየኋቸው። ማርቲ ቢጫ ሻርፏን እያውለበለበች ነበር፤ እሱ እጁን አንዴ አንሥቶ እዚያው አየር ላይ ረሳው። ከዚያ በኋላ እስከ ማድሪድ የወይኑን ጉቶ እየቆጠርኩ ሄድኩ፤ ለመቁጠር ብዬ ሳይሆን ሌላ ነገር እንዳላስብ ነው።

ሀና ማርያም ስደርስ ረፋዱ ላይ ነው። እትዬ አምሳለ ከውጭ በሩ ወዲህ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ቆመው ነበር። እጃቸው የሳሙና አረፋ ነው፤ ያጥባሉ ለማለት ግን ገንዳው ውስጥ አንድም ልብስ አልነበረም።

«አነበበው?» አሉኝ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ።

«አነበበው» አልኳቸው።

«ይቅር አለኝ?»

«ይቅር ብሎዎታል። እኔም ብያለሁ። ግን በስልክ እንዳያነሱበት አደራ፤ ዳግመኛ እንዳይወራ ብሏል።»

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለተኛ አደራ በላሁ፤ የዚህኛው ግን አልቆረቆረኝም። እሑድ ቆርበው ይምጡ እንጂ። ከዚያ ስለ ማርቲ፣ ስለ ማዘጋጃ ቤቱ ጋብቻ፣ በሚያዝያ ስለምትወለደው የልጅ ልጃቸው ነገርኳቸው። በደስታ እጃቸውን ወደ ሰማይ ሊያነሱ ጀምረው ግማሽ ላይ አቆሙ። ሒሳቡ ገባቸው። የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ዘገየሁ አይደል፣ እፀዬ?»

ለዚህኛው የሚሆን ውሸት አጣሁ። ጎንበስ ብዬ ትከሻቸውን ሳምኩ፤ አረፋው ነጠላዬ ላይ ቀረ።

አባቴ ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጦ ዜና ያያል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሪሞቱን ከእጁ አይለይም። እናቴ ምሳ እያቀረበች ነው። ስሞኝ፣ አገሩ እንዴት ነው ብሎኝ፣ ብርዱን ጠይቆኝ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ዓይኑን እንደተከለ «ወንድምሽስ እንዴት ሰነበተ?» አለኝ።

«አበልጄ ደህና ነው» አልኩት።

«ማን?»

«ሚሳኤል። ሚስት አግብቷል፤ ሴት ልጅ ሊወልዱ ነው። በሐምሌ ለሰማንያ ቀኗ እዚህ ይዘዋት ይመጣሉ። ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ።»

አባቴ ፊቱ በራ። ከልቡ ነው ደስ ያለው፤ ከዚህ በላይ ምን እርግጠኛ ነገር ይምጣለት። አበልጅ ከሥጋ ዘመድ እንደሚበልጥ ነገረኝ፤ ቤተሰብ ማለት እንዲህ ሲተሳሰብ እንደሆነ፣ እሱም በጊዜው ሚሳኤልን አንሥቶ እስከ ዛሬ እንዳልተጸጸተ። ሁሉንም አስጨርሼው ሰማሁ፤ ሽማግሌዎቹን እሱ እንዳስጨረሳቸው።

«ጥምቀቱ ገና ሳይነጋ ነው ይባላል» አልኩት ከዚያ። «ቄሶቹ ሰው አይጠብቁም። ግን አታስብ፣ አባዬ፤ እኔ አላረፍድም።»

ሪሞቱን የያዘው እጁ ጭኑ ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ ከቴሌቪዥኑ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴ ላይ የሚፈልገውን እስኪያገኝ አየኝ፤ አገኘው። ዓይኑን መልሶ ሰበረ። እናቴ መሐላችን ቆማ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። በዚያች ደቂቃ ይቅርታ ቢጠይቀኝ ምን እንደምመልስ አላውቅም ነበር። አልጠየቀኝም። የዜናውን ድምፅ ጨመረው።

የቀረበልኝን ሰሃን ይዤ ከሳሎን ወጣሁና ኩሽና ገባሁ። እትዬ አምሳለ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ሰሃኑን መሐላችን አስቀመጥኩት። ሁለታችንም አልጎረስንም።